የእንግሊዞች ሬስሊንግና የእኛ ፈረስ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ዳታም ጊዜም ያላችሁ አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉና ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሜዳ ላይ ያዘኝና «ቲቸር፣ ሬስሊንግ የእውነት ነው የውሸት?» አለኝ። ስፖርት አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ፦ ቪዲዮ ቤት፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ጥቁር መጋረጃ፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን አንደርቴከር ከሬሳ ሣጥን ሲነሣ ያየንበት ጊዜ። «ሰባት ነፍስ አለው» ብሎ እናቱን እየጠራ የሚምል ልጅ በየሰፈሩ ነበረ። ደም ነው፣ የለም ቀለም ነው ተባብለው ልጆች በእውነተኛ ቡጢ ሲደማሙ አይቻለሁ። የውሸት ነው የተባለው ድብድብ የእውነት ጠብ ወለደ ማለት ነው።

ለልጁ የመለስኩለት አጭር ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተነጋግረውበታል፤ አወዳደቁ ግን የእውነት ነው፣ አጥንት ይሰብራል፣ ስለዚህ እንዳትሞክሩት አልኩት። ልጁ ምንም አልደነገጠም። «እሱንማ እናውቃለን እኮ» ብሎኝ ወደ ኳሱ ሄደ። ካወቀ ታዲያ ለምን ጠየቀኝ? ይቺ ነገር ከራሴ አልወጣ አለችና ስለ ሬስሊንግ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ አንብቤ የደረስኩበት ቦታ ግን እዚሁ አዊ ነው፤ የጥር 23 ፈረሶቻችን ላይ።

በመጀመሪያ የእንግሊዞቹን ላውራችሁ። ብዙዎቻችን የቴሌቪዥን ሬስሊንግ የአሜሪካ ብቻ ይመስለናል። እንግሊዞች ግን 33 ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ሲያዩት ኖረዋል። አይቲቪ የተባለው የመጀመሪያው የንግድ ቴሌቪዥናቸው ሥርጭት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1955 ነው። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ ምሥራቅ ለንደን ዌስት ሃም ካለ የመዋኛ አዳራሽ ትግል አሳየ። ለጣቢያው ትግል የሚመች ዕቃ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ዝናብ አያግደውም፣ ሁሉም ነገር አንዲት ትንሽ መድረክ ላይ ያልቃል፣ ካሜራው እንደ እግር ኳስ ወዲያና ወዲህ መሮጥ የለበትም። ከ1965 ጀምሮ «ወርልድ ኦፍ ስፖርት» በሚባል የቅዳሜ ፕሮግራም ውስጥ ገባና በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ የኳስ ውጤት ከመነገሩ በፊት፣ ቋሚ ቦታ ያዘ። የኳስ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም ትግል ያያል። ፕሮግራም አወጣጥ ማለት እንዲህ ነው።

ሕጉም የአሁኑን የአሜሪካኖቹን ዓይነት አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሎርድ ማውንቴቫንስ በሚባሉ የባሕር ኃይል አድሚራል ስም የሚጠራ ደንብ ወጥቶለታል። (ሰውዬው በወጣትነታቸው ከደቡብ ዋልታ አሳሾች አንዱ ነበሩ፤ ከበረዶ ወደ ትግል እንዴት እንደተሻገሩ እሳቸው ይወቁ።) ጨዋታው በዙር ይከፈላል፤ ሁለት ጊዜ የጣለ ያሸንፋል፤ ያጠፋ በሕዝብ ፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ሦስተኛው ላይ ይባረራል። ኬንት ዋልተን የሚባል ካይሮ የተወለደ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ወራት እስከ መጨረሻው በለዘበ ድምፅ እየተነተነ አብሯቸው አረጀ። ዳንዲ ከምትባል የስኮትላንድ ከተማ የወጣው ጆርጅ ኪድ ቀላል ክብደት ነው፤ ጡንቻ ሳይሆን እንደ ድመት መጠቅለልና መፈታት ነበር የሚያውቀው። ሚክ ማክማነስ ደግሞ አጭር፣ ጸጉሩ ጥቁር፣ ሕዝብ ሁሉ የሚጠላው ተንኮለኛ። ማክማነስና ባላጋራው ጃኪ ፓሎ በ1963 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ዕለት ገጥመው በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ አይቷቸዋል። ኬንዶ ናጋሳኪ የሚባለው ጭምብል ለባሽ አንዲት ቃል አይናገርም ነበር፤ በ1977 በገዛ ፈቃዱ ጭምብሉን ያወለቀበት ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን ታየ።

ደስ የሚለኝ የተመልካቹ ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ የፊት ወንበር የሚይዙት ሴት አያቶች ነበሩ። ተንኮለኛው ተጋጣሚ ወደ ገመዱ ሲጠጋ በቦርሳቸው ይቀጠቅጡታል፤ የባርኔጣቸውን መርፌ አውጥተው የሚወጉም ነበሩ። እነዚህ አሮጊቶች ሞኞች አይምሰሏችሁ። ውጤቱ የተነገረ መሆኑን ከልጆቻቸው በፊት ያውቃሉ። እኛስ ፉከራ ሲፎከር፣ ሽለላ ሲወርድ፣ ፎካሪው ዛሬ ማንንም እንደማይገድል እያወቅን አይደል ጸጉራችን የሚቆመው?

ከዚያ ምን ሆነ? በ1970ዎቹ አጋማሽ ማክስ ክራብትሪ የሚባል አዘጋጅ ወንድሙን ሸርሊን አመጣ። ሸርሊ የሴት ስም ነው፤ ሰውዬው ግን ከመቶ ሃምሳ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ዕድሜውም ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው። «ቢግ ዳዲ» አሉት። ልብሱን በመጀመሪያ ሚስቱ ከሶፋ ጨርቅ ሰፍታለታለች ይባላል። ልጆች አበዱለት። ጨዋታው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አብሮት የገባው ወጣት አሥር ደቂቃ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቢግ ዳዲን ይነካል፣ ቢግ ዳዲ በሆዱ ገፍቶ ይጥላል፣ ላዩ ላይ ይተኛበታል፣ አለቀ። በ1981 ዌምብሌይ አዳራሽ ከጃይንት ሄይስታክስ ጋር ሲገጥም ሁለት ጎተራ የተጋጨ ነበር የሚመስለው። ቴሌቪዥኑ ግን ይህንን ወደደ። ሆድ ከሩቅ ይታያል፤ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የጆርጅ ኪድ ዓይነት የእጅ አንጓ ጥበብ ግን ቀርቦ፣ ታግሶ፣ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚታይ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ትልቅ ጨዋታ የአንድ ሰው ሆድ ላይ ቆመ። ጃኪ ፓሎ በ1985 መጽሐፍ ጽፎ የውስጡን ምሥጢር ዘረገፈው፤ ብዙ ሰው አልደነቀውም። በዚያው ዓመት የቅዳሜው ፕሮግራም ተዘጋ፤ ትግሉ የሚታይበት ሰዓት ወዲህና ወዲያ ይገፋ ጀመር፤ ቦታውንም ለአሜሪካኖቹ ያካፍል ጀመር። በኦገስት 1987 ቢግ ዳዲ እንደ ልማዱ የተኛበት ማል ከርክ የሚባል ተጋዳይ እዚያው ወድቆ ሞተ። ምርመራው ቀድሞም ከባድ የልብ ሕመም እንደነበረው አረጋገጠ። በ1988 መጨረሻ ግሬግ ዳይክ የሚባል የአይቲቪ የስፖርት ኃላፊ ከፕሮግራሙ ጨርሶ አወጣው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ አሜሪካኖቹ ዌምብሌይ ስታዲየም መጥተው ወደ 80,000 የሚጠጋ እንግሊዛዊ ገንዘቡን ከፍሎ ገባላቸው። ሕዝቡ ትግል አልሰለቸውም ነበር ማለት ነው። የራሱ የሆነው ትግል ነበር ያለቀበት። የድሮዎቹ ተጋዳዮች በትንንሽ አዳራሾችና በባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች እየዞሩ ቀጠሉ፤ ግን ልጆቹ የሚያውቁት የቴሌቪዥኑን ሰው ብቻ ስለነበር መብራቱ ሲጠፋ ቤቱም ጨለመ።

ይህን ሁሉ ጥርባ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ጥር 23 ስላለ ነው።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር ምሥረታው ከ1932 ዓ.ም. ይቆጠራል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጣው ፈረሰኛ አባቶቻችን በዓድዋ የዘመቱበትን ፈረስ የሚያስታውስ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ግላስ የለበሰ፣ ልጓሙ የሚያብረቀርቅ ፈረስ ከየወረዳው ይጎርፋል፤ ጉግስ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ ስግሪያ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ተራራ የሚሰማ የኮቴ ድምፅ ነው። ማህበሩ ግን የአንድ ቀን ነገር አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ለቅሶ ይደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ የተጣላ ሲኖር ሽማግሌዎቹ ያስታርቃሉ። ጥር 23 የሚታየው የዓመቱ ሥራ ዓውደ ርእይ ነው ብትሉ ያስኬዳል።

አሁን ጉግስን አስቡት። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል፣ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ጉግስ የውሸት ጦርነት ነው እኮ! ማንም እንዲሞት አይፈለግም። ነገር ግን በሕይወቴ ሙሉ ጉግስ ሜዳ ዳር ቆሞ «ይሄ የእውነት ነው የውሸት?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ለምን? የሚጋልበውን ሰው እናውቀዋላ። ያባቱን ፈረስ እናውቃለን። ባለፈው ዓመት በማን ሠርግ ላይ ማን ማንን እንደመታው፣ ዘንጉ የት ጋ እንዳረፈ፣ ከዚያ በኋላ አብረው ጠላ እንደጠጡ እናውቃለን። ልጁ ስለ ሬስሊንግ የሚጠይቀኝ የሚያየውን ሰው ስለማያውቀው ይመስለኛል። የእንግሊዝ አሮጊቶቹም የሚቀጠቅጡትን ሰው ፊት ለፊት ያውቁት ነበር፤ ዓርብ ማታ ከተማቸው አዳራሽ ይመጣልና።

የእኔ ስጋት እንግዲህ ይሄ ነው። ካሜራ መምጣቱን አልጠላም። አሚኮ በአዊኛ ጭምር ፕሮግራም ሲሠራ እናቴ ቡናዋን ትታ ነው የምታየው፤ በቋንቋዋ ቴሌቪዥን ሲያወራ መስማት ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የካሜራው ምርጫ ላይ ነው። አንድ ዓመት በአንድ የፈረስ በዓል ላይ (የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ጣቢያውንም አልጠራም) ሜዳው ላይ ሁለት ጎበዞች ለዓመታት የማይረሳ ጉግስ ሲጫወቱ ነበር። ሸሺው ጋሻውን በጀርባው አዙሮ፣ ወደ ኋላ ሳይመለከት ዘንጉን አከሸፈው። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ተነሥተው «እሰይ!» ብለው ጮኹ። ማታ ቤት ገብቼ ቴሌቪዥኑን ስከፍት ምን አየሁ? ጥላ ሥር የተቀመጡ እንግዶች። ንግግር። ሌላ ንግግር። ከዚያ መቶ ፈረስ ባንድ ላይ ሲጋልብ የሚነሣ አቧራ፣ ከላዩ ሙዚቃ። ተንታኙ «የአገው ፈረሰኞች በድምቀት» ከማለት ውጭ የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ፈረስ ስም አልጠራም። ያ ጋሻ የትም የለም።

አቧራው የእኛ ቢግ ዳዲ እንዳይሆን እፈራለሁ። አቧራ ከሩቅ ይታያል፤ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የጋሻ አዟዟር ግን ቀርቦ፣ ታግሶ፣ ከሚያውቅ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ የሚታይ ነው። ቴሌቪዥን አቧራውን ብቻ ካሳየ፣ በአምስት በስድስት ዓመት ውስጥ ወጣቱ የሚለማመደው አቧራ ማስነሣቱን ብቻ ይሆናል። ተጀምሯልም። ካሜራ ሲያይ ፈረሱን በሁለት እግሩ አቁሞ የሚያሽከረክር፣ አፉን በልጓም የሚያደማ ጎረምሳ አይታችኋል። ለቲክቶክ ነው። ጉግስ ና ሲሉት ግን ዘንግ አያያዝ አያውቅም።

የስም ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። እኛ እኮ ትልቅ ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መቻል፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ያልን ነን። እንግሊዝና አሜሪካ ተጋዳዮቻቸው የመድረክ ስም ሲያወጡ ሰው ጉድ ይላል፤ እኛ ዘንድ ከነፉከራው ቀድሞም የነበረ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ ፈረሰኛውን ሲያሳይ ስም ሳይጠራ «ፈረሰኞች» ብሎ በጅምላ ያልፋል? ኳስ ሲተላለፍ የተቀያሪው ስም እንኳ ይነገራል። የእኔ ተማሪዎች የአርሰናልን ተጎጂዎች ከእነጉዳታቸው በቃላቸው ይዘዋል። በገዛ ቀበሌያቸው በጉግስ ማን እንደሚፈራ ጠይቄ ከአንድ ክፍል ሦስት ልጅ ነው እጁን ያወጣው።

ሌላው የጋሪው ፈረስ ነው። እንጅባራም ዳንግላም መንገድ ላይ ታዩታላችሁ፤ ትከሻው የላጠ፣ ዝንብ የወረረው፣ ከአቅሙ በላይ ጭነው በአለንጋ የሚያስኬዱት። ይህም የአገው ፈረስ ነው። ሲያረጅ አውጥተው መንገድ ዳር ይለቁታል፤ አስፋልት መሐል ቆሞ መኪና እስኪገጨው ይጠብቃል። ጥር 23 በግላስ አልብሰን ያንቆለጳጰስነውን ፍጥረት የካቲት ላይ እንዲህ የምናደርገው ከሆነ፣ በዓሉን የምናከብረው ለማን ነው? ለካሜራው? ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲመጣ የፈረስ ሥራ መቀነሱ አይቀርም፣ እሱን አልከራከርም። ሥራ ያጣ ፈረስ መኖና ሐኪም ያስፈልገዋል፤ የበዓል ቀን ጌጥ ብቻውን አያኖረውም። በዩኔስኮ ይመዝገብ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ደስ ይለኛል። ግን መዝገቡ ላይ የሚገባው የኮርቻው ጌጥ ነው ወይስ የሚጋለበው ፈረስ?

«ቴሌቪዥን ካላሳየው ማን ያውቀዋል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ልክ ናቸው፣ ግማሹን። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ትግልን፣ ገናን፣ ገበጣን፣ ቀስትን፣ የፈረስ ጉግስን ሳይቀር ያወዳድራል፤ ስንቶቻችሁ አንድ ሙሉ ውድድር በቴሌቪዥን አይታችኋል? የኛው አገር ትግል በማይታይበት ስክሪን ነው ልጆቻችን ጆን ሲናን ያደጉበት። ስለዚህ ይታይ። ግን እንግሊዞቹን ያየ ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ካሜራው ነገ ባይመጣ ይሄ ነገር ይኖራል? ዛሬ ጥር 23ን በተመለከተ መልሱ አዎ ነው፤ ለቅሶውና ሠርጉ፣ እርቁም ጭምር ገና ስላለ። የሠርጉ ጉግስ ቀርቶ የበዓሉ ብቻ የቀረ ቀን ግን መልሱ ይቀየራል። የአንዳንድ ቀበሌ ሠርግ ላይ ከፈረስ ይልቅ የኪራይ መኪና ሲታጀብ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ምን ይደረግ ለምትሉ፣ እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የማስተምር የስፖርት መምህር ነኝ። የሚመስለኝን ግን ልበል። ጉግሱን የሚተነትን ሰው ከስቱዲዮ አይምጣ፤ ሜዳ ዳር ያደገ፣ አዊኛም አማርኛም የሚናገር አንድ ሽማግሌ ከጋዜጠኛው አጠገብ ይቀመጥ። ፈረሰኛው ሲገባ ስሙ፣ ቀበሌውና የፈረሱ ስም ይጠራ። ንግግር ይጠር፤ ፈረስ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ ንግግር አይሰማም። ለጌጥ ሽልማት እንደሚሰጠው ሁሉ ለጤናማ ፈረስም ይሰጥ፤ ትከሻው ያልቆሰለ የጋሪ ፈረስ ይዞ የመጣ ባለጋሪ ለምን አይሸለምም? ጣቢያዎቹ ደግሞ በዓመት አንዴ ከሚመጡ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ አንድ የገጠር ሠርግ ይቅረጹ፤ እንግዳ የሌለበት፣ መድረክ የሌለበት፣ ሰው ለራሱ የሚጫወትበት።

እኔ በበኩሌ በሚመጣው ወር ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር አንድ ሥራ እጀምራለሁ። እያንዳንዱ ልጅ በመንደሩ ያሉትን ፈረሰኞች ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የፈረሱን መልክና ዕድሜ፣ ጉግስ ከማን እንደተማሩ ጠይቆ ይጽፋል። ያ «የእውነት ነው የውሸት?» ያለኝ ልጅ አያቱ ፈረሰኛ እንደነበሩ ነግሮኛል፤ ፈረሳቸውን ማን ይሉት እንደነበር ግን አያውቅም፣ እሱን ጠይቆ ይመጣል። ከጥርባም ሆነ ከሌላ ቀበሌ የምትሆኑ፣ አባቶቻችሁ በሕይወት ያሉ ሁሉ፣ የምታውቁትን እዚሁ ጻፉልኝ። የፈረሱን ስም ግን አትርሱ።